«የሥር ሰርቨር» የበላይ ነው የበታች?

ጣና ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር ለሚሰጥ ሥልጠና የተዘጋጀ ትርጉም እያረምኩ ነው። የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን (ICANN) ውስጥ አርኤስኤስኤሲ (RSSAC) የሚባል ኮሚቴ አለ። ረቂቁ የእንግሊዝኛውን «ሩት» (root) «ሥር» ብሎ ተርጉሞ «የሥር ሰርቨሮች ተቆጣጣሪ ኮሚቴ» ይለዋል። ያስኬዳል ትላላችሁ?

ጠበቃው፦ «ሥር» አልተመቸኝም። ችሎት የዋለ ሰው «የሥር ፍርድ ቤት» ሲባል የሚገባው የበታቹ ነው፤ ውሳኔው በይግባኝ የሚሻረው። «በእገሌ ሥር ነው የምሠራው» ስንልም ያው ነው። እዚህ ግን የተፈለገው ከላይ ያለው ነው አይደል? አንባቢው ገና ከርዕሱ ተገልብጦ ይገባዋል።

ዘጌ፦ «ምንጭ» ብንለውስ? የግሽ ዓባይ አገር ሰው ለዚህ ቃል አያጣም።

ፖሊ፦ አይሆንም እህቴ። ከምንጭ ውኃው ራሱ ይወርዳል። ከሩት ሰርቨር የሚመጣው ግን አቅጣጫ ብቻ ነው። ፔዳ ግቢ ቁጭ ብለሽ በዶት ኢቲ (.et)፣ በኢትዮጵያ መለያ፣ የሚያልቅ አድራሻ ጻፊ እንበል። ስም የሚፈታልሽ፣ ማለትም ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይርልሽ ሰርቨር መልሱን ካልያዘ ሩቱን ይጠይቃል፦ ዶት ኢቲን ማን ያውቃል? ሩቱ የዶት ኢቲን ሰርቨሮች ስምና ቁጥር ይሰጠዋል። አለቀ። የፈለግሽው ገጽ በሩቱ በኩል አያልፍም። ስም ፈቺው ሰርቨር ያችን መልስ እስከ 2 ቀን ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ ቶሎ አይጠይቅም። «ሰርቨር»ን ከተቀበልን «ሩት» አይከብደንም።

እኔን ያሳሰበኝ «ተቆጣጣሪ» የሚለው ነው። ከኤ እስከ ኤም የተሰየሙ 13 ሩት ሰርቨሮች አሉ፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ከ1,000 በላይ ማሽኖች ናቸው። የያዟቸው 12 ድርጅቶች ናቸው፤ የአሜሪካው ኩባንያ ቬሪሳይን ኤንም ጄንም ይዟል። ናሳ አለበት፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለበት፣ የስዊድኑ ኔትኖድና የጃፓኑ ዋይድ አሉበት። አንዱ ለሌላው አይታዘዝም። ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡት የእነዚሁ ተወካዮች ናቸው። ለአይካን ቦርድና ማኅበረሰብ ምክር ይጽፋሉ እንጂ ትእዛዝ አይሰጡም። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ የአስተዳደር ሞዴል ሲያቀርቡ እንኳ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ይህን «ተቆጣጣሪ» ካልነው፣ ኢንተርኔትን መዝጊያ ቁልፍ የያዘ አካል አለ ብለን ሠልጣኞቹን ማሳሳታችን ነው። «አማካሪ» ነው ትክክሉ።

ጠበቃው፦ ታዲያ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እዚህ ይገባል?

ፖሊ፦ አይገባም ጋሼ። ተረቱ ውስጥ መካሪው ዳር ቆሞ ነው የሚናገረው፤ መከራው የሚደርሰው በተመካሪው ላይ ነው። እዚህ የሚመክሩት ማሽኑን በእጃቸው የያዙት ናቸው። ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

ጣና ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ። «የሩት ሰርቨር ሥርዓት አማካሪ ኮሚቴ» ብዬ አርሜ እልካለሁ። ሰርቨሮቹን የያዙት ድርጅቶች የሚጠሩበትን «ኦፐሬተር»ንስ ምን ልበለው? «አንቀሳቃሽ» የሞተር ይመስላል።

ዘጌ፦ «ኦፐሬተር» በለው። ከስልኩ ዘመን ጀምሮ የለመድነው ቃል ነው።