«ቧልት» ይሻላል «ፌዝ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ካፕ ፍራንሴ ቲያትር አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ካፕ ፍራንሴ የዛሬዋ የሄይቲ ከተማ ካፕ ሀይሲየን ማለት ነው። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን እዚያ ያሳዩት የነበረውን የሚያስቅ ባሌት ምን ልበለው? «አስቂኝ ባሌት» ስለው ዳንሰኞቹ አበላሽተው የተሳቀባቸው ይመስላል። «የቧልት ባሌት» ያስኬዳል? ወይስ «የፌዝ»?

መልስ፦ «የቧልት ባሌት» በደንብ ያስኬዳል። ቧልት ከቁም ነገር ውጭ ያለ ጨዋታ ነው። «ቧልቱን ተወውና ቁም ነገር እናውራ» እንላለን፤ የግድ የሚጎዳው ሰው የለም። በዚያ ዘመን ብዙው ባሌት ያለ ንግግር፣ በአካል ብቻ የሚተረክ ነበር። ሴት ልጁን የሚጠብቅ አባት፣ ተደብቆ የሚገባ አፍቃሪ፣ ግርግር፣ በመጨረሻ ሰርግ። ይሄ ቧልት ነው።

ፌዝ ግን ያለ ዒላማ አይሆንም። «ቀለደ» እና «ቀለደበት» ምን ያህል እንደሚራራቁ አስተውል። ያቺ «በት» ስትገባ የሚጎዳ ሰው ይመጣል። ፌዝ ሁልጊዜ «በት» አለበት።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቃል እንዳትጠቀልለው። እ.ኤ.አ. በ1758 ካፕ ውስጥ «ዣኖና ቴሬዝ» የሚባል ሥራ ታይቷል። ደራሲው ክሌማን የፈላስፋውን የሩሶን «የመንደሩ ጠንቋይ» ኦፔራ ወሰደና እረኞቹን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች አደረጋቸው። ንግግሩንም በክሪዮል፣ ማለትም እነሱ በሚናገሩት ከፈረንሳይኛ በወጣ ቋንቋ ጻፈው። አዳራሽ ገብቶ የሚስቀው ማን ነው? ባለ እርሻው ነው። የሚሳቅበት ሰው ደግሞ ሸንኮራ ማሳ ውስጥ ነው። እዚህ ጋ «ቧልት» ብለህ ብታልፍ ነገሩን ታለሳልሰዋለህ። እኔ ብሆን «ፌዝ» እላለሁ፣ ያውም ሳላመነታ። ክሪዮል በመድረክ ላይ መሰማቱ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ያንንም ጻፍልን።

በ1760ዎቹ የተሠራው የካፕ ቲያትር ቤት 1,500 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ከነጮቹ ተለይተው ላይኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ይህንን ለመጻፍ «መድልዎ» የሚለው ቃል ይበቃል።

ሌላ መልስ፦ በዚሁ አጋጣሚ አንድ ወጥመድ ላሳይህ። ጽሑፉ ላይ «ኦፔራ ኮሚክ» ካገኘህ «አስቂኝ ኦፔራ» ብለህ እንዳትመልሰው። በፈረንሳዮች ዘንድ ዋናው መለያው ሳቅ አይደለም፤ ዘፈኑ በተራ ንግግር የሚቆራረጥ መሆኑ ነው። አሳዛኝ ታሪክም በዚህ መልክ ይሠራል። በ1781 ፖርቶፕረንስ መድረክ ላይ የወጣችው ሚኔት የዘፈነችው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ወጣት ናት፣ ክልስ ናት፤ መድረኩ ደግሞ የነጮች ነበር። እሷን «አስቂኝ ዘፋኝ» ብንላት ግፍ ነው። «ንግግር ያለበት ኦፔራ» ብትል ይሻላል። ረዘመ ካልክ «ኦፔራ ኮሚክ» ብለህ እንዳለ ተወውና አንዴ አብራራው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባሌቱን «የቧልት»፣ የክሌማንን «የፌዝ» አደርጋለሁ። «ኦፔራ ኮሚክ»ንም እንዳለ አስቀምጬ መጀመሪያ ሲመጣ አብራራዋለሁ።