በሂፕኖሲስ የሚላላው ጡንቻ ቤት ሲደርስ ይቆለፋል፤ ቀጣዩ እርምጃ የቱ ነው?

ታካሚዬ ቫጂኒስመስ (የሴት ብልት ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ ተኮማትረው ማስገባትን የሚያስቸግሩበት ሁኔታ) አለባት። የማህፀን ሐኪም መርምሯት ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ የሕመም ምክንያት አልተገኘም። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ሂፕኖቴራፒውን (ሐሳብንና ባህሪን የመለወጥ ሕክምና ከሂፕኖሲስ ጋር ተጣምሮ) በሳምንት አንድ ጊዜ እየሠራን 8ኛው ሳምንት ላይ ደርሰናል።

በጡንቻ ማላላት ልምምድ ጀመርን። ከዚያ በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆና ዳይሌተር (ብልትን ቀስ በቀስ ለማላመድ በተለያየ ውፍረት የሚዘጋጅ ዘንግ) ማስገባትን ደረጃ በደረጃ በምናቧ ተለማመደች፤ ከ0 እስከ 10 በሚለካው፣ ጭንቀቷ ከ8 ወደ 2 ወርዷል። አውራ ጣቷንና አመልካች ጣቷን ስታገናኝ ሰውነቷ እንዲላላም አስለምደናታል። ቤቷ በየቀኑ 15 ደቂቃ የሂፕኖሲሱን የድምፅ ቅጂ ታዳምጣለች።

የተቸገርኩት ቤቷ በምትሞክረው ሁለተኛው መጠን ዳይሌተር ላይ ነው። ትንሹ ያለ ሕመም ይገባል። የሁለተኛው ጫፍ ገና ሲነካት ግን ጭኖቿ ይገጥማሉ፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ «ይቀደዳል» የሚለው ሐሳብ ይመጣባታል፤ ጣቶቿን ብታገናኝም አይሠራም። ማለስለሻ በበቂ ስለምትጠቀም ድርቀት አይደለም። ወደ ትንሹ ተመልሰን 2 ሳምንት ደገምን፤ ለውጥ የለም። ለውጥን ለመለካት፣ የሴቶችን ወሲባዊ ተግባር የሚገመግመው የኤፍኤስኤፍአይ (FSFI) መጠይቅም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ባለፉት 4 ሳምንታት ግንኙነት ያልነበራት ሴት በዜሮ የምትመልሳቸው ጥያቄዎች ድምሩን ያለአግባብ ያወርዱታል።

ጥርጣሬዬ ይህ ነው፦ መላላቱን ከፍርሃቱ መሸሸጊያ አድርጋዋለች፤ ስለዚህ «ይቀደዳል» የሚለው ግምት አንድም ቀን በተግባር አልተፈተነም።

ሂፕኖሲሱን ለጊዜው አቁሜ፣ ሙሉ በሙሉ ነቅታ ሳለች ግምቷን በዳይሌተሩ እንድትፈትን ላድርግ፣ ወይስ በራስ ሂፕኖሲስ ውስጥ እንዳለች ዳይሌተሩን ይዛ እንድትሞክር?