ከቼናይ ያመጣሁት ሐውልት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ህንድ አገር፣ ቼናይ፣ ሁለት ዓመት ተምሬ ባለፈው ወር ተመለስኩ። ስወጣ አከራዬ ለስንብት ትንሽ የነሐስ ሐውልት ሰጠችኝ። አራት እጅ ያለው ሰው በእሳት ቀለበት መሃል አንድ እግሩን አንሥቶ ይጨፍራል። የሂንዱዎች አምላክ ሺቫ መሆኑን አውቃለሁ። የቀረውን በታሚልኛ ነበር ያስረዳችኝ፣ ምንም አልያዝኩም። እማዬ ሻንጣው ሲከፈት አማተበች። «ጣዖት! ደሞ እግሩ ሥር ያለው ሕፃን ምን በደለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበላት? የትስ ላስቀምጠው?

ፑኔ የነበርኩ፦ እህቴ፣ ሕፃን አይደለም። አፓስማራ የሚባል ድንክ ነው፣ የድንቁርናና የዝንጋታ ምሳሌ። ሺቫ በቀኝ እግሩ ተጭኖ ይዞታል፣ አይገድለውም። ለእናትሽ ቅዱስ ሚካኤል ሰይጣንን ረግጦ የቆመበትን ሥዕል አንሺላት። እምነቱ ለየቅል ነው፣ የሥዕሉ ቋንቋ ግን ቶሎ ይገባታል።

የሰፈር ልጅ፦ እሳቱ የገሃነም መሰለኝ። እኔ ብሆን ቤት አላስገባውም።

ታሪክ ወዳጅ፦ ኧረ ገሃነም አይደለም። ዓለም እየተፈጠረ፣ እየጠፋ፣ እንደገና እየተፈጠረ የሚዞርበት ዑደት ነው። እጆቹን እያየሽ ተከተይኝ። የላይኛው ቀኝ ትንሽ ከበሮ ይዟል፤ ፍጥረት በዚያ ድምፅ ይጀምራል። የላይኛው ግራ ነበልባል ይዟል፤ ያ ማጥፋት ነው። የታችኛው ቀኝ መዳፉን ወደ አንቺ ዘርግቷል፤ «አትፍሪ» ማለት ነው። ለእማማ ከዚህ ጀምሪላቸው። የታችኛው ግራ የተነሣውን እግር ይጠቁማል፤ መጠጊያው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ሲናወጥ ፊቱ ግን ዝም ያለ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እሱ ነው። ጆሮውንም እዪ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጉትቻ የወንድ፣ ሌላው የሴት ነው።

ስሙ ናታራጃ ይባላል፣ የጭፈራ ንጉሥ። ይህ ቅርጽ የገነነው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቼናይ ባለችበት በታሚል ናዱ ግዛት፣ በቾላ ነገሥታት ዘመን ነው። በፈረንጆቹ 2004 ደግሞ 2 ሜትር የሚሆን ናታራጃ ጄኔቫ አጠገብ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ቆሟል። የህንድ መንግሥት ስጦታ ነው።

አንጥረኛ ቤት ያደግሁ፦ የአሠራሩንም ነገር ልጨምር። መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ ከዚያ በጭቃ ይለበጣል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ብረቱ ቦታውን ይይዛል። ታሚል ናዱ ውስጥ ስዋሚማላይ የምትባል ከተማ ዛሬም እንዲህ ይሠራሉ። የእኛም የድሮ መስቀሎች በዚሁ ዘዴ የወጡ አሉ። «ሰምና ወርቅ» የምንለውም ከዚሁ ነው።

ፑኔ የነበርኩ፦ ስለ ቦታው፦ ሂንዱዎች ዘንድ በአብዛኛው አምልኮ የሚቀርብለት በሥርዓት እስትንፋስ የተሰጠው ሐውልት ነው። ያንቺ ለስንብት የተሰጠ ጌጥ ይመስለኛል። ቢሆንም መሬት ላይ ወይም ጫማ አጠገብ አታድርጊው፣ አከራይሽ ብታይ ይከፋታል። ከፍ ያለ መደርደሪያ ይበቃል።

ጠያቂ፦ ኑሩልኝ! ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አገላብጣ አየችውና «ድንቁርና ከሆነማ ጠበቅ አድርጎ ይርገጠው» አለች። ሳሎን ግን አይታሰብም ብላለች። መኝታ ቤቴ፣ መጻሕፍቶቼ ላይ አስቀምጬዋለሁ።