«ሚድ-ሜጀር»ን በአማርኛ ምን እንበለው? የቅርጫት ኳስ ቅድመ ዳሰሳ ቃላት

ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ፦

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰቦች። ልጄ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በመጪው ረቡዕ «ሚድ-ሜጀር» ከሚባሉት፣ ከትልልቆቹ ሊጎች ውጪ ካሉት ቡድኖች፣ አንዱን በሜዳው ያስተናግዳል። አብረን ጨዋታ ለምናይ ወዳጆቼ በአማርኛ ቅድመ ዳሰሳ ልጽፍ ተነስቼ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ። «ቡድናችን ከአንድ መሃል ሰፋሪ ቡድን ጋር ይጋጠማል» ብዬ ነበር። ባለቤቴ አንብባ «ምን ቢያደርጉህ ነው የምትሰድባቸው?» አለችኝ። ቀጥዬም «ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ ነውና እንዳንንቃቸው» ብያለሁ። ይኼስ ያስኬዳል? ደግሞ «አፕሴት» እና «ትራፕ ጌም» የሚሏቸውን በምን ልተካ? የምታውቁ እርዱኝ።

ከአዲስ አበባ፦

ባለቤትህ እውነቷን ነው። «መሃል ሰፋሪ» ቃሉን ብቻ ብታየው መሃል ላይ የሰፈረ ማለት ነው፤ ነገር ግን በአብዮቱ ዘመን ወደዚህም ወደዚያም ሳይል ነፋሱን ለሚጠባበቅ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ሰሚው የሚሰማው «ወላዋይ» የሚለውን ነው። ሜዳ ላይ ነፍሱን ሰጥቶ ለሚጫወት ልጅ ይህን ስም መስጠት በደል ነው።

ተረቱም ቦታውን ስቷል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ» ውስጥ ያለችው ሥጋ ዘመድ ናት። «ሥጋዬ ነው» እንደምንለው። የቱንም ያህል ሩቅ ብትሆን የዝምድና ነገር አንጀት ትወጋለች ነው የሚለው። ትንሽ ሆኖ የሚያደማ ለማለት የምንጠቅሰው መርፌዋን ብቻ ሰምተን ሥጋዋን ስለምንረሳ ነው። የአንተ ተጋጣሚ ዘመድህ ካልሆነ በቀር አይሆንም። ትናንሾች ሲተባበሩ ትልቁን ይጥላሉ ለማለት ከፈለግህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለልህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጋሼ ስለ ሥጋ ያሉትን በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ ተማርኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ስለ ኳሱ ልጨምር፤ የቃሉ ትርጉም ያለው እዚያ ነውና።

ሚድ-ሜጀር የቡድኑን አቅም የሚናገር ቃል አይደለም። ትምህርት ቤቱ የታቀፈበትን ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ማለት ነው)፣ ያለውን በጀት፣ የአዳራሹን ስፋት፣ ከቴሌቪዥን የሚያገኘውን ገንዘብ ነው የሚናገረው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠሩት እዚሁ ዋሽንግተን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበሩት ጃክ ክቫንዝ ናቸው ይባላል። እኚሁ ሰው በኋላ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ኃላፊ ሆነዋል። ጆርጅ ሜሰን ደግሞ እርስዎ ያሉበት ፌርፋክስ ነው።

እ.ኤ.አ. 2006ን እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጆርጅ ሜሰን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት አስተዳዳሪው ኤንሲኤኤ ወደሚያዘጋጀው አገር አቀፍ ውድድር በምድቡ በ11ኛ ደረጃ ገብቶ ሚሺጋን ስቴትን አሸነፈ፤ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን የነበረውን ኖርዝ ካሮላይናን አሸነፈ፤ ዊቺታ ስቴትን አሸነፈ። ከዚያ በቤቱ ደጃፍ፣ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ አንደኛ ደረጃ የያዘውን ኮኔቲከትን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ84 ረትቶ ለመጨረሻዎቹ አራት በቃ። ያን ቡድን በአማርኛ የሚጠራው ቃል «ደካማ» ወይም «አነስተኛ» ሊሆን አይችልም። ትልልቆቹ ሊያገኙት የማይችሉት ነገር ነበረው፤ ዓመታት አብረው የተጫወቱ ልጆች።

ስለዚህ «መለስተኛ» እላለሁ። «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ስንል ትምህርት ቤቱ ከየት እስከ የት እንደሚያስተምር እንናገራለን እንጂ ተማሪው ሰነፍ ነው አንልም። ግን ቅጽሉ ቡድኑ ላይ እንዳይለጠፍ፤ «መለስተኛ ቡድን» ካሉ ያው ንቀት ይሆናል። «ከመለስተኛ ኮንፈረንስ የመጣ ቡድን» ይበሉ። ቢረዝምም ትክክሉ እሱ ነው።

ከሐዋሳ፦

በመለስተኛ እስማማለሁ። «ቅድመ ዳሰሳ» ማለትህንም ወድጄዋለሁ። የእግር ኳስ ጸሐፊዎቻችን ያስለመዱት ቃል ነው፤ «ዳሰሰ» ደግሞ በእጅ መንካት ነውና ገና ያልታየውን ነገር አስቀድሞ መንካት ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የተሻለ ስም አላውቅም።

ነገር ግን የእግር ኳሱ ቋንቋ ሁሉ አይሻገርም። «ነጥብ ጣለ» የሚለውን ተጠንቀቅ። ለእግር ኳስ ተመልካች አቻ ወጣ ወይም ተሸነፈ ማለት ነው። በቅርጫት ኳስ አቻ መውጣት የለም፤ እኩል ከሆኑ ጭማሪ ሰዓት ይጫወታሉ። «ቡድናችን ረቡዕ ነጥብ ሊጥል ይችላል» ብትል አንዱ ይሸነፋል ብሎ ሲያነብ ሌላው ቅርጫት ውስጥ ነጥብ ይጥላል ብሎ ያነባል። «ሊሸነፍ ይችላል» በል።

«አፕሴት» በወረቀት ላይ «ያልተጠበቀ ውጤት» ይባላል፤ ይህ ግን የዳኛ ሪፖርት እንጂ የተመልካች ቋንቋ አይደለም። አማርኛ «ጉድ ሠራው» የሚል ሕያው አነጋገር አለው። ያልታሰበ ሰው ያልታሰበ ነገር ሲያደርስብህ የምትለው እሱን ነው። በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ «አፕሴት» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1919 ሳራቶጋ ላይ ማን ኦ ዋር የተባለውን ዝነኛ ፈረስ ከረታው አፕሴት ከተባለ ፈረስ መጣ ይላሉ። እውነት አይደለም፤ ቃሉ በዚሁ ፍቺ ከዚያ በፊትም በጋዜጣ ይጻፍ ነበር።

ጉድ መሥራት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ እ.ኤ.አ. 2018ን ያስታውስ። ሜሪላንድ ያለው ዩኤምቢሲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ በዚያው አገር አቀፍ ውድድር በ16ኛ ደረጃ ገብቶ አንደኛውን ቨርጂኒያን ገጠመ። በወንዶቹ ውድድር እስከዚያ ምሽት 16ኛ ከአንደኛ 135 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። ዕረፍት ሲወጡ 21 ለ21 ነበሩ፤ ሲያበቃ 74 ለ54። በሃያ ነጥብ!

ከአዲስ አበባ፦

«ትራፕ ጌም» ቀረች። ልጆች «የወጥመድ ጨዋታ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አይጥመኝም። ወጥመድ አጥማጅ ይፈልጋል። እንደገባኝ ከሆነ እዚህ ያጠመደ የለም፤ ቡድኑ ከዚህኛው ግጥሚያ ቀጥሎ ያለውን ትልቁን እያሰበ የቀረበውን ሳያይ የሚወድቅበት ነው። ይኼ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ነው እንጂ ወጥመድ አይደለም። ሳሩ የቅዳሜው፣ ገደሉ የረቡዑ።

ከፌርፋክስ፦

ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት ነው! ቅዳሜ ከትልቁ ባላንጣችን ጋር ነን፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅዳሜ ነው። የረቡዑ ደግሞ የእኛ ትምህርት ቤት ከፍሎ ያስመጣው እንግዳ ነው። ትልልቆቹ በሜዳቸው እንዲጫወቱላቸው ለትናንሾቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ፤ እንግዳው አንዳንዴ ገንዘቡንም ድሉንም ይዞ ይመለሳል። ሽንፈቱም በዚያው አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2018 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኤንሲኤኤ ቡድኖችን ለመመዘን በሚጠቀምበት ደረጃ ከ160ኛ በታች ባለ ቡድን በሜዳህ መሸነፍ የመጨረሻው፣ አራተኛው መደብ ውስጥ ይጻፍብሃል። መጋቢት ላይ ለአገር አቀፉ ውድድር ቡድን መራጮቹ ሲቀመጡ ይህ ይነበባል። «ባድ ሎስ» የሚሉትን «እስከ መጋቢት የሚከተል ሽንፈት» ብዬዋለሁ፤ ካልተስማማችሁ አርሙኝ።

እንግዲህ መክፈቻዬ እንዲህ ሆኗል፦ «ቡድናችን ረቡዕ ከመለስተኛ ኮንፈረንስ የመጣ፣ አብሮ የቆየና ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ደጋግሞ የሚወረውር ቡድን ያስተናግዳል። ዓይናችን የቅዳሜው ሳር ላይ ከቀረ የረቡዑ ገደል ጉድ ይሠራናል።»

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የእህቴ ልጅ የምትማረው እዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ረቡዕ የእነሱን ቀለም ለብሳ ከእኛ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ተረቱን ላወጣው እጄን አንስቼ ነበር፤ አሁን የት እንደምጽፈው አውቄያለሁ።

ከአዲስ አበባ፦

እንግዲያው አታውጣት፤ መጨረሻ ላይ አድርጋት። «ሥ»ን በንጉሡ ሠ ጻፋት።