ቴክሳስ ውስጥ የዕድሜ ማረጋገጫ ምርመራ ሰነድ ጠይቄ ተያዘብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዳላስ ሆኜ ለማኅበረሰባችን መጽሔት እጽፋለሁ። ቴክሳስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ያወጣችው ሕግ ወሲባዊ ይዘት የሚያሳዩ ድረ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ የጣሰ በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2025 አጽንቶታል።

ሕጉን ጥሷል በተባለ አንድ ድርጅት ላይ የተካሄደውን ምርመራ መዝገብ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጠየቅሁ። በሰነዱ ፈንታ ደብዳቤ መጣልኝ፦ «ሰነዱን ላለመስጠት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ውሳኔ ጠይቀናል» ይላል። የጠቀሱት ከቴክሳስ የሕዝብ መረጃ ሕግ የፍርድ ቤት ክርክርን የሚመለከተውን አንቀጽ 552.103ንና የሕግ አስከባሪዎችን መዝገብ የሚሸፍነውን 552.108ን ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። 552.108 የሚናገረው ስለ ወንጀል ነው፤ የዚህ ሕግ ቅጣት ግን የፍትሐ ብሔር ነው። ታዲያ እንዴት ይሠራል? ደግሞም 552.022 የተጠናቀቀ ምርመራ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ ይደነግጋል፤ 552.108 ካልከለከለው በስተቀር። ምርመራው መዘጋቱን በምን ላረጋግጥ? ደብዳቤው ስለዚህ ትንፍሽ አላለም።

አቤቱታ ያቀረቡ ወላጆችን ስም አልፈልግም፤ ይሰረዝ ብዬ ጽፌያለሁ። የምፈልገው ከድርጅቱ ጋር የተጻጻፉትን ብቻ ነው። (የሰው እናት ስም ምን ሊያደርግልኝ!)

በ552.304 መሠረት ጠያቂው አስተያየቱን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ውሳኔው በ45 የሥራ ቀናት ውስጥ ስለሚሰጥ ጊዜ የለኝም። እንዲህ ያለ አስተያየት የጻፋችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ነጥብ ልጀምር? ጥያቄዬን አጥብቤ እንደ አዲስ ባቀርብስ ይሻላል?