የማይክሮኮንትሮለር ሰዓት ትክክለኛነት፦ ለትምህርት ቤት ደወል የትኛው ኦሲሌተር ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያው ሰዎች። ደሴ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ደወል በራሱ የሚደውል መሣሪያ በአትሜጋ328ፒ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቺፕ) እየሠራሁ ነው። ግቢው ኢንተርኔት የለውም፤ መብራትም ስለሚጠፋ መሣሪያው በባትሪም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቆ መቆየት ይኖርበታል። ለማነጻጸር ያህል አንዱን ቺፕ በውስጡ ባለው 8 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር (የቺፑን የሥራ ምት በሚያመነጭ ክፍል)፣ ሌላውን በአርዱይኖ ኡኖ ቦርድ፣ ሦስተኛውን በ16 ሜጋኸርዝ ኳርትዝ ክሪስታል ጎን ለጎን ሳስኬዳቸው ልዩነታቸው እጅግ ሰፊ ሆነብኝ። ይህ የሚጠበቅ ነው? ተመሳሳይ መሣሪያ ለኮምቦልቻም ስለታዘዘ፣ ደሴ ላይ ያስተካከልኩት ሰዓት እዚያ ሲወርድ ይዛባ እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የከፍታው ልዩነት ክሪስታሉን ይለውጠዋል ይላል።

መልስ 1
ያዩት ልዩነት የሚጠበቅ ነው። በቺፑ ውስጥ ያለው ኦሲሌተር በሬዚስተርና በካፓሲተር የሚሠራ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይገልጻል፤ ይህ በከፋው ሁኔታ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ስሕተት ማለት ነው። ኦስካል የተባለውን የፍጥነት ማስተካከያ ሪጂስተር በጥንቃቄ አስተካክለው ወደ 1 በመቶ ቢያወርዱት እንኳ በቀን 14 ደቂቃ ሊያዛባ ይችላል፤ ባትሪው ሲደክምም ፍጥነቱ አብሮ ይለወጣል። የኡኖ ቦርድ ላይ ዋናውን ቺፕ የሚያስኬደው ብዙዎች እንደሚገምቱት ክሪስታል ሳይሆን ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ የ0.5 በመቶ ስሕተት ቢኖረው በቀን 7 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የተለመደው ኳርትዝ ክሪስታል ግን 30 ፒፒኤም፣ ማለትም በሚሊዮን ሴኮንድ ውስጥ 30 ሴኮንድ ቢሳሳት፣ በቀን ከ2.6 ሴኮንድ አያልፍም። ከሌላ መሣሪያ ጋር በሽቦ መረጃ ለመለዋወጥ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለደወል ግን በወር ከ1 ደቂቃ በላይ ስለሚጠራቀም አይበቃም።

መልስ 2 (ኮምቦልቻ)
ስለ ከፍታው ላስረዳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ ክሪስታሉ በብረት ቆብ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ስለሆነ የውጭው አየር ግፊት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣበትም። የሚለውጠው ሙቀት ነው። በሰዓት ቺፖች ላይ የሚገጠመው 32,768 ኸርዝ ክሪስታል ትክክለኛ ፍጥነቱን የሚይዘው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ቅዝቃዜም ሆነ ወደ ሙቀት ሲርቅ በሁለቱም በኩል ይዘገያል። የመዘግየቱ መጠን በፒፒኤም ሲሰላ የሙቀት ልዩነቱን በራሱ አባዝቶ በ0.034 ማባዛት ነው። በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት መሣሪያው 5 ዲግሪ ቢደርስ 20 በ20 ተባዝቶ ወደ 14 ፒፒኤም፣ ማለትም በቀን 1.2 ሴኮንድ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ላይ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተሰቀለ ሳጥን ቀትር ላይ 45 ዲግሪ ቢደርስም ያው ወደ መዘግየት ነው። ስለዚህ የሌሊቱን ቅዝቃዜ የቀኑ ሙቀት ያካክሰዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይደመራሉ። ይህን ሳይገነዘቡ ክረምት ላይ ብቻ ለክተው የሚተማመኑ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ታዲያ ስሕተቱን ለክቼ በፕሮግራም ባካክሰውስ?

መልስ 3
የማይለዋወጠውን ክፍል በፕሮግራም ማካካስ ይቻላል፤ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጠውን ግን የሙቀት መለኪያ ሳይኖር ማካካስ አይቻልም። ለመለካት የጂፒኤስ ሞጁል በየሴኮንዱ የሚሰጠውን ምት በቺፑ ታይመር ይቁጠሩት፤ በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል በሴኮንድ 16,000,000 ቆጠራ ስለሚጠበቅ፣ 16 ቆጠራ ሲተርፍ ወይም ሲጎድል 1 ፒፒኤም ተሳስቷል ማለት ነው። ለደወሉ ግን ዲኤስ3231 የተባለውን የሰዓት ቺፕ እንዲጠቀሙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ክሪስታሉንና የሙቀት መለኪያውን በውስጡ ይዞ በየ64 ሴኮንዱ ራሱን ስለሚያስተካክል፣ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል ስሕተቱ ከ2 ፒፒኤም አያልፍም፤ ይህም በዓመት 1 ደቂቃ ገደማ ነው።

ሲገዙ በቺፑ የላይኛው ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ያንብቡ፦ የስሙ መጨረሻ «ኤስኤን» ከሆነ ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ነው፤ «ኤም» ከሆነ ግን ኳርትዝ የሌለው፣ እስከ 5 ፒፒኤም የሚፈቀድለት ዓይነት ነው፤ ለደወል እሱም ይሠራል። ይህን ቺፕ ይዞ በገበያ ላይ ያለው ሰማያዊ ሞጁል የሚሞላ ባትሪ ይገጠምበታል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ በ5 ቮልት ሲያስኬዱት ተራውን ሲአር2032 ባትሪ ሊሞላ ይሞክራል፤ ይህም ባትሪውን ሊያሳብጠው ይችላል። ከዳዮዱ አጠገብ ያለችውን «201» የሚል ጽሑፍ ያለባትን ሬዚስተር ስታኞውን አቅልጠው ያንሷት፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሰዓቱን መያዙን ግን አያቋርጥም።