የመስከረሙ የጌም ቀን ፕሮፖዛል፦ እስከ ዓርብ ማታ ሐሳብ ስጡ

ስላይም (ሰኞ ማታ)
አዳራሹ ተገኝቷል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን 9,000 ብር ብለዋል። ወንበሩ የነሱ፣ ቴሌቪዥኑ የኛ። ግን ፕሮፖዛል በጽሑፍ ካላየን አሉ። ረቂቁ ይኸው።

ዓላማው ከኳስ ጌም ሌላ የማያውቅ ልጅ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የጃፓን ሮል ፕሌይንግ ጌም (አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነህ ረጅም ታሪክ የምትጫወትበት) እንዲቀምስ ነው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ጌም። ድራጎን ኩዌስት የ1986ቱ፣ መንገዱን የጠረገው እሱ ስለሆነ። ክሮኖ ትሪገር የ1995ቱ። ፋይናል ፋንታሲ 7 የ1997ቱ። ለአሁኖቹ ልጆች ደግሞ ፐርሶና 5። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ እንደ አምናው እንዳንጨቃጨቅ።) ለአንድ ሰው 45 ደቂቃ። በር ላይ 12 ገጽ የአማርኛ መመሪያ እናድላለን። ኤችፒ (የተጫዋቹ ዕድሜ ቁጥር) ምንድነው፣ ተራ በተራ መዋጋት ምንድነው፣ የፋይናል ፋንታሲ 7ቹ እነ ክላውድና ኤሪስ እነማን ናቸው። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ ጽሑፉን አይቶ እንዳይሸሽ።

ሒሳብ ያዥ
ከአምናው የተረፈ 6,400 አለ። አዳራሽ 9,000፣ 100 መመሪያ በ35 ብር 3,500። 6,100 ይጎድለናል። 13 ሰው ነን፣ በነፍስ ወከፍ 500። በቴሌብር ላኩ። «ነገ» የሚል መልስ አልቀበልም፣ የቲሸርቱን ጊዜ አልረሳሁም።

ሜሞሪ ካርድ
45 ደቂቃ ምን ይሠራል? ክላውድ ከባቡር ወርዶ፣ አንድ ሪአክተር አፈንድቶ ተመለሰ፣ አለቀ። ከመነሻዋ ከተማ ከሚድጋር እንኳ አልወጣም። ይኼ እኮ 40 ሰዓት የሚፈልግ ነገር ነው።

እኔ የለመድኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁሉም የሚከፍለው በግጥሚያ ነበር። እኔ ባለቤቱን ለምኜ፣ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ በሰዓት እከፍላለሁ። ጨዋታው የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ 15 ቦታ ነው ያለው፣ የኔ ሴቭ የያዘው አንዷን ብቻ። አንድ ቀን ስመጣ የለም። ልጆቹ ለኳስ ጌሙ ለዊኒንግ ኢለቨን ቦታ ሲጠባቸው አጥፍተውታል። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ደርሼ ነበር። ባለቤቱን ብጠይቀው «ኳሱስ ሴቭ አይደረግ?» አለኝ። ይኼ ጌም በጥድፊያ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

ቾኮቦ
ለክሮኖ ትሪገር 45 ደቂቃ ይበቃል። ልጁን ጌሙ መጀመሪያ ላይ ያለው በዓል ላይ ልቀቀው። የሰው ምሳ ጠረጴዛ ላይ ያገኛል፣ ይበላዋል፣ ማንም ምንም አይለውም። በኋላ ችሎት ፊት ሲቆም ያ ምሳ ይነሳበታል! የጠፋች ድመት ለባለቤቷ መልሶ ከሆነ ደግሞ ይመሰከርለታል። ችሎቱ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል፣ ቤቱ ሄዶ ይቀጥላል። በስልክም አለ።
መመሪያውን እኔ አሳትማለሁ፣ የእህቴ ባል ማተሚያ ቤት አለው።

የሜሪላንዷ
ረቂቁ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። «ኤሪስ» ይታረም። ኤሪስ የ1997ቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ ላይ የተጻፈው ነው። በ2002 ኪንግደም ኸርትስ የሚባለው ጌም ሲወጣ ስሟ መጨረሻው በቲኤች (th) ሆኗል፣ አሁንም እንደዚያ ነው። «ኤሪዝ» ተብሎ ይጻፍ።

ሜሞሪ ካርድ
በቲኤች ከሆነ «ዝ» ከየት መጣ?

የሜሪላንዷ
አማርኛ ቲኤች የለውማ። የሚቀርበው እሱ ነው።

ቾኮቦ
የሚቀርበውስ «ት» ነው። ማቴዎስ፣ ቴዎድሮስ። አባቶቻችን ይኼን ጣጣ ድሮ ጨርሰውታል። ስለዚህ «ኤሪት»።

ስላይም
ኤሪት? ልጆቹን ኦሪት ልታስተምራቸው ነው?

ሜሞሪ ካርድ
😂 ኤሪት ዘፍጥረት።
ጃፓኖቹ ራሳቸው «ኤአሪሱ» ነው የሚሉት። እነሱም ቲኤች የላቸውም፣ በ«ሱ» ጨርሰውታል። ባለቤቶቹ «ስ» ካሉ እኛ ምን አግብቶን? ኤሪስ።

የሜሪላንዷ
ጃፓኖቹ ክላውድን «ኩራውዶ» ነው የሚሉት። እሱንም እንደነሱ ጻፈዋ።

ሒሳብ ያዥ
ሦስት ሰው ብቻ ነው የላከው።

ቾኮቦ
ኤሪስ ከሆነ ደግሞ በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ? 😏

ሜሞሪ ካርድ
አንቺ ሜሪላንድ ተቀምጠሽ ነው እንዴ አማርኛ የምታርሚልን? እዚህ ማንም ሰው ኤሪዝ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የሜሪላንዷ
ሜሪላንድ ተቀምጬ ነው ክሮኖ ትሪገርንም ፋይናል ፋንታሲንም በኔ ካርድ ገዝቼ የሰጠኋችሁ። እናንተ «ካርዱ እምቢ አለ» ስትሉ። ያኔ አማርኛዬ ሸጋ ነበር?
ስሟን እንደፈለጋችሁ ጻፉት። ከአሁን በኋላ ካርድ ፈልጉ።

ስላይም
ኧረ በናታችሁ። 12 ገጽ ውስጥ አራት ቦታ ለሚገባ ስም?

ሜሞሪ ካርድ
እኔም የምለው እሱን ነው። የመጀመሪያው ሲዲ ሲያልቅ ለምትሞት ልጅ ይህን ሁሉ መባባል ምንድነው?

አዲስ ገቢ
ምን???

አዲስ ገቢ
ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የጀመርኩት። አበባ እየሸጠች፣ ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ገና መድረሴ ነው። ከናንተ ጋር የገባሁት አብሬ ልጫወት ብዬ ነው፣ ልታበላሹብኝ አይደለም።

ሜሞሪ ካርድ
ወንድሜ፣ ከ1997 ጀምሮ ዓለም የሚያውቀው ነገር እኮ ነው።

አዲስ ገቢ
ያኔ እኔ አልተወለድኩም!

(አዲስ ገቢ ከቡድኑ ወጥቷል)

ሒሳብ ያዥ
አራተኛውን ቴሌቪዥን ሊያመጣ የነበረው እሱ ነው። 500 ብሩንም አልላከም።

ሜሞሪ ካርድ
እሺ፣ አጠፋሁ። ደወልኩለት፣ አላነሳም። የሜሪላንዷ፣ እህቴ፣ አንቺንም ይቅርታ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነው የጻፍኩት።

የሜሪላንዷ
ምንም አይደል። ኤሪዝ ግን ኤሪዝ ነው።

ጋሽ ፋሚኮም (ረቡዕ ጠዋት)
ልጆች፣ ትናንት ማታ ያላችሁትን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ኦሳካ ሥልጠና ላይ ሳለሁ አብሮኝ የሚያድር ልጅ ድራጎን ኩዌስት ይጫወት ነበር። ያ ካሴት ሴቭ የሚባል ነገር የለውም። ማቆም ስትፈልግ ንጉሡ ጋ ትሄዳለህ፣ 20 ፊደል ይሰጥሃል፣ ትጽፋለህ። ትንሣኤ የሚሰጥ ድግምት ይሉታል። በማግስቱ ያንን 20 ፊደል ካላስገባህ የለህም። ልጁ ደብተር ነበረው፣ በእርሳስ። አንድ ሌሊት አንዷን ፊደል በሌላ አሳስቶ ጻፋት። ማግስቱን «ድግምቱ ልክ አይደለም» አለው። ትዝ ይለኛል፣ ለእራት አልተነሳም። ሁለተኛው ድራጎን ኩዌስት ደግሞ እስከ 52 ፊደል ይደርስ ነበር።

እና ፊደል ቀላል ነገር ነው አልልም። ግን ፋይናል ፋንታሲ 7 ራሱ ልጅቷ ስትመጣ «ስሟን ማን ትላታለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መመሪያው ላይ ነጠብጣብ አድርጉለት። ልጁ ራሱ ይሙላው።

ስላይም
ጋሼ፣ ኑሩልን። አለቀ። ነጠብጣብ።

የሜሪላንዷ
ነጠብጣቡ ይመቸኛል። ጋሼ፣ የደብተሩ ነገር ግን ውስጤ ገባ። ለምን መመሪያውን ደብተር አናደርገውም? ግማሹ ማብራሪያ፣ ግማሹ ባዶ። ለስም፣ ለካርታ፣ የት ሴቭ እንዳደረገ የሚጽፍበት።

ቾኮቦ
እሳት ሐሳብ! መስከረም እኮ ሁሉም ወላጅ ደብተር የሚገዛበት ነው። 200 ብናሳትም ይሸጣል። የእህቴን ባል ዛሬ አናግረዋለሁ።

ሜሞሪ ካርድ
ሽፋኑ ላይ የድራጎን ኩዌስቱን ስላይም እናድርግ፣ ያቺን ሠዓሊው ቶሪያማ የሣላትን ሰማያዊ ጠብታ።

ሒሳብ ያዥ
የካምፓኒ ሥዕል ለጥፈን የምንሸጥ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ራሳችሁ ሣሉ።

ስላይም
መሣል እችላለሁ። ግን ቆይ፣ ደብተሩ የሚሰጠው አዳራሹ በር ላይ ነው አይደል? ያው ፕሮፖዛሉ ላይ እንድጨምረው ነው።

ሒሳብ ያዥ (ሐሙስ ማታ)
ቁጥሩ ይኸው። ዘጠኝ ሰው ልኳል፣ 4,500። ከአምናው ጋር 10,900። ደብተር በ60 ብር ከሆነ 180 ፍሬ 10,800 ነው። አዳራሽ 9,000 ነው። ሁለቱም አይሆንም። ቴሌቪዥን ደግሞ ሦስት ቀርቶናል፣ ያውም የሜሞሪ ካርድ ሪሞት የለውም።

ሜሞሪ ካርድ
ሪሞት ለምን? ቁልፉ ይሠራል።

የሜሪላንዷ
መጀመሪያ ደብተሩን እንሽጥ፣ በትርፉ ለገና አዳራሽ እንይዛለን።

ስላይም
ዓላማው እኮ ልጆቹ እንዲጫወቱ ነበር። ጌሙን ያላየ ልጅ ደብተሩ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል?

ሜሞሪ ካርድ
የሒሳብ የቤት ሥራ 😂

ጋሽ ፋሚኮም
እኔ ጋ ሳሎን አለ። ስምንት ልጅ ይይዛል። ባለቤቴን ላስፈቅድ።

ስላይም
ጋሼ፣ ስምንት ልጅ ለማን ይበቃል? ለአዳራሹ ሰዎች ነገ ምን ልበላቸው? ቀብድ ካልሰጣችሁ ለሰርግ እናከራየዋለን ብለዋል።

ሒሳብ ያዥ
ቀብድ ከመስጠቴ በፊት የማተሚያውን ዋጋ በወረቀት አሳዩኝ። 60 ብር ያለው ቾኮቦ ነው፣ በአፉ።

የሜሪላንዷ
ቾኮቦ፣ የእህትህን ባል አገኘኸው?

ስላይም (ዓርብ ማታ)
አዳራሹ ለሰርግ ሄዷል። ሽፋኑን ሥዬ ጨርሻለሁ፣ ፎቶውን ነገ እልካለሁ። ቾኮቦ፣ አለህ?

ሒሳብ ያዥ
ከትናንት ጀምሮ እያነበበ ነው፣ ይታየኛል። ቾኮቦ፣ 500ውንም አልላክህም።